ነፋስ ነው፣ ይቀመጡ

እሺ። ወንበር ያጣችሁ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሽቦ፣ እርስዎም ለአንድ ቀን እንኳን፣ በጡረታ መሸኛዎ፣ ሳይነሱ ይስሙኝ።

ጋሽ ሽቦ መዝገብ ቤት የገቡ ቀን እኔ እዚያው ነበርኩ። አለቃችን ደንቡን ሁሉ አስረድተው ሲያበቁ፣ "ጥያቄ አለዎት?" አሏቸው። ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ስለ ደመወዝ ይጠይቃል። ቢያንስ ስለ ዓመት ፈቃድ። እሳቸው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ "ሶኬቱ ይሠራል?" አሉ።

አይሠራም ነበር። በማግስቱ ሠራ። የኮሪደሩ መብራት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልበራም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ። በእኔ በኩል መዝገብ፣ በእሳቸው በኩል ሽቦ፣ በመሃል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። "በምሳ ሰዓት ብቻ ነው" ይሉኛል። ምሳ ሰዓት የሚሉት ነገር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀምራል።

እስቲ ጠቅ የሚል እስክሪብቶ ያለው እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። መስኮታችን ሥር የሚያቆሙት ሳይክል የሌባ አላርም እንዲህ ነው የሚሠራው፦ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሚስማር ቆሟል፣ ዙሪያውን የእስክሪብቶ ሞላ ከብቦታል። ሳይክሉ ሲነቃነቅ ሞላው ሚስማሩን ይነካል፣ ከባትሪው ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ክላክሱ ይጮኻል። ይህን ሳልጠይቅ ነው የተማርኩት። "ይሄኛው ሞላ ደንደን ብሏል፤ ያንቺን እስቲ ልየው" ካሉ እስክሪብቶሽን ተሰናበቺ።

የኋላ መብራቱንስ አይታችኋል? ቀይ መሸፈኛ ጠፋ ብለው የአስቸኳይ ጉዳዮችን ቀይ የፕላስቲክ አቃፊ ቆረጡ። ጽሑፉን እንኳን አላጠፉትም። በዚህ ከተማ ከእሳቸው ቀስ ብሎ ፔዳል የሚመታ ሰው የለም፤ ከኋላቸው ግን "አስቸኳይ" የሚል ቀይ መብራት ይከተላቸዋል።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት ጩኸቱን ነው።

የጭነት መኪና ሲያልፍ ይጮኻል። ነጎድጓድ ሲመታ ይጮኻል። አለቃችን በር ዘጋ ሲያደርጉ ይጮኻል። እሳቸው ብድግ። "አንዴ አይቻት ልምጣ።" ወጥተው ይመለሳሉ።

"ምንም አይደል። ነፋስ ነው።"

"ነፋስ ከሆነ ለምን ይነሳሉ?"

"ነፋስ መሆኑን የማውቀው ከተነሳሁ በኋላ ነዋ!"

ልቤን አወለቁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጨጓራዬን ላጡት።

የሚቀጥለው ይህ የማነብላችሁ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ልጽፈው ሞክሬ ነበር። ሰረዝኩት።

ርክክብ ሲሆን እንዴት እንደምንቆጥር ታውቃላችሁ። አንዱ የመዝገቡን ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው መደርደሪያውን አይቶ "አለ" ይላል። ከሁለቱ አንዱ ከቦታው ከተነሳ ከአንድ እንጀምራለን። የዛሬ አራት ዓመት፣ በርክክቡ የመጨረሻ ቀን፣ ያ ሳይክል ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ከአንድ ጀመርን። ሰባት መቶ ላይ ደርሰን ለአራተኛ ጊዜ ጮኸ። ሊነሱ ሲሉ እጅጌያቸውን ያዝኩ።

"ነፋስ ነው! ይቀመጡ!"

አዩኝ። ተቀመጡ።

ጩኸቱ ትንሽ ቆይቶ ቀጥ አለ። ደስ አለኝ። "ሰባት መቶ አንድ።" "አለ።" "ሰባት መቶ ሁለት።" "አለ።" አፋቸው ለእኔ ይመልሳል፣ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው።

ስንወጣ የአላርሙ ሽቦ ተቆርጧል። ሳጥኑ ከሳይክሉ ተነቅሎ የመስኮቱ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። ሳይክሉ የለም።

እናንተን "ጉልበቴ ደከመ፣ ሸጥኳት" ነው ያሏችሁ። ሁላችሁም ሰምታችኋል። አልሸጧትም። በእኔ ምክንያት ነው የተሰረቀችው። አምስት ወር በእግራቸው ተመላለሱ። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ሥር ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ፤ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ የያዝኩትን ገጽ ደግሜ ደግሜ አነባለሁ። አንድ ቀን እንኳን "አንቺ ነሽ" አላሉኝም። ይሄም አናደደኝ። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ የአሮጌ ሳይክል ዕቃ ከየትም ለቃቅመው መግጠም ጀመሩ። ሁለት አዲስ እስክሪብቶ ገዝቼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። በማግስቱ ሞላዎቹ አልነበሩም። አዲሱ አላርም ደግሞ ከበፊቱ ይብሳል።

ጋሼ። ይቅርታ። አራት ዓመት ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። በየቀኑ ልናገር አስብና፣ እርስዎ መበየጃዎን ያነሳሉ፣ እኔ እናደዳለሁ፣ ቀኑ ይመሻል። ለእኔ ብለው ስለዋሹልኝ አመሰግናለሁ።

ሌላም አለ። ባለጉዳይ መጥቶ እኛ "መዝገብዎ ጠፍቷል" ስንለው፣ እርስዎ ብቻ ነበሩ ብድግ የሚሉት። "አንዴ አይቼ ልምጣ።" ብዙ ጊዜ ባዶ እጅዎን ተመልሰዋል። አንዳንዴ ግን አቧራ ለብሰው፣ መዝገቡን አቅፈው ይመጣሉ። ስንቱ ሰው የቤቱን ወረቀት ያገኘው እርስዎ ስለተነሱ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ያንን ሳጥን ተንጠልጥሎ ካየሁ በኋላ ነው። ከሰኞ ጀምሮ "ጠፍቷል" ስል ከፊት ለፊቴ የሚነሳ ሰው የለም። ያስጨንቀኛል። ምናልባት እኔ መነሳት አለብኝ።

በሉ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ጋሽ ሽቦ፣ ጤና ይስጥዎት። ጉልበትዎ ይጽና። ባለቤትዎ ያንን የተቃጠለ ሽታ የሚችሉበት ትዕግሥት አይጥፋባቸው። መንገዱ ሁሉ ብርሃን...

ይኸው! ጮኸ። አልነገርኳችሁም?

አይ፣ ጋሼ፣ እርስዎ አይነሱ። ይቀመጡ። ነፋስ ነው አልልም። ብርጭቆዬን ያዙልኝ፤ ዛሬ እኔ አይቻት ልምጣ።