ከበር እስከ በረንዳ

(ሱጆ፣ ቻይና። ባሏ ክንፈ የሞተባት እሌኒና የባሏ እህት፣ ሴራሚክ አስመጪዋ ውድነሽ፣ እንደ ሰሞኑ ሻይና እንቁላል ቀምሰው በጠዋት ከሆቴል ወጥተዋል፤ አሁን በአንድ ጥንታዊ የአትክልት ስፍራ፣ ኩሬ ላይ በተዘረጋ ጠማማ ድልድይ ቆመዋል።)

ውድነሽ፦ እትዬ፣ ዛሬ እሺ ካላልሽኝ ኮንቴይነሩ ይዘጋል። ግቢው ሴራሚክ ተነጥፎበት ለሙት ዓመቱ እንኳን ወግ ይያዝ እንጂ!

እሌኒ፦ እኔ የመጣሁት ኩሬ ለማየት ነው። አንቺ እዚህም ሴራሚክ ይዘሽብኝ መጣሽ?

ውድነሽ፦ ናሙና እኮ ነው። ንኪው እስቲ፣ አያንሸራትትም።

እሌኒ፦ የክንፈስ መንገድ መቼ አንሸራተተ?

ውድነሽ፦ እሱማ ይጠልፋል! ወንድም ጋሼ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከበር እስከ በረንዳ ለማትሞላ ቦታ እባብ የመሰለ የድንጋይ መንገድ ሠርቶ ሄደ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሣሩን እየረገጠ አይደል ያቋረጠው?

እሌኒ፦ ይሄ ድልድይስ?

ውድነሽ፦ ይሄማ ታሪካዊ ነው! አስጎብኚዋን አልሰማሻትም? በታጠፍሽ ቁጥር ሌላ ነገር ይታይሻል። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! እስቲ እዛጋ ቁሚ፣ ፎቶ ላንሳሽ።

እሌኒ፦ ቲኬት ሲቆረጥበት ጥበብ፣ እኛ ግቢ ሲሆን እባብ።

ውድነሽ፦ ኧረ እትዬ! ቆይ፣ እሱ ይሄን ያየው እዚህ ሲማር ነው?

እሌኒ፦ እዚሁ ከተማ። አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ ሲለኝ ኖረ። ሥራው ፋታ ሲነሳው እዚያው ግቢያችን ሠራልኝ።

ውድነሽ፦ ለአንቺ? እኔ እኮ የመሐንዲስ ቅብጠት መስሎኝ!

እሌኒ፦ ከሥራ ሲመለስ ማድ ቤቱ መስኮት ጋ እቆማለሁ። በሩ ላይ አየዋለሁ፤ ኮባው ይጋርደዋል። ሎሚው ሥር ብቅ ይላል፤ ደግሞ ይጠፋል። አንዱ ሰው ደጋግሞ ይመጣልኝ ነበር።

ውድነሽ፦ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምነው ሳትነግሪኝ?

እሌኒ፦ ስለ ሴራሚክ ነበራ የምናወራው። በይ እንባሽን ጥረጊ፤ አስጎብኚዋ ድልድዩ ያስለቀሰሽ ይመስላታል።

ውድነሽ፦ በቃ፣ ሴራሚኩ ይቅር! ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ። የወንድሜን ድንጋይ ማንም አይነካም።

እሌኒ፦ አይ፣ ጫኚው።

ውድነሽ፦ ምን ነካሽ? ስንት ቀን እምቢ ስትዪኝ ቆይተሽ!

እሌኒ፦ ለሙት ዓመቱ ይድረስ። አሁን በዚያ መንገድ የሚመጣልኝ ሰው የለም።