ጋሽ ደሞዝ በተማሪያቸው የቀኑ ጊዜ

በመጋቢት ወር፣ አንድ ሰኞ ጧት፣ ከኮኪት ወደ ሸሕዲ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄድ ጎማው ፈነዳ። መጠባበቂያው ጎማም የተበሳ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ጎማ ሊያስጠግን ሲሄድ፣ እኛ ተሳፋሪዎቹ ከቆላው ፀሐይ ለመሸሽ በየዛፉ ጥላ ተበታተንን። እኔ በሸሕዲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የማስተምረው በከሰዓቱ ፈረቃ ስለነበር አልቸኮልሁም። ያልታረሙ የፈተና ወረቀቶቼን ይዤ አንድ ግራር ሥር ተቀመጥሁ። ከጎኔ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ትከሻቸው ግን እንደ ጎልማሳ የሰፋ ሰው ነበሩ።

«መምህር ነህ መሰለኝ» አሉኝ ቀዩን እስክሪብቶዬን አይተው።

«አዎ፤ ወንድማገኝ እባላለሁ።»

«እኔ ደሞዝ ነኝ። ዋናተኛው ደሞዝ።»

ዝናቸውን ሰምቼ ነበር። በመተማ ቆላ ስለ ዋና ሲወራ የእርሳቸው ስም ሳይነሣ አይቀርም። በወጣትነታቸው በባሕር ኃይል ሲያገለግሉ ምፅዋ ላይ ዋና ተማሩ። ጦሩ ሲበተን ወደዚህ መጥተው ሰሊጥና ማሽላ እያረሱ፣ በጓንግ ወንዝ ዳር የሰፈር ልጆችን ሰብስበው ማሠልጠን ጀመሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ሳይከፍላቸው አሠለጠኑ፤ ከልጆቻቸውም ስድስቱ በክልል ውድድር ሜዳሊያ አጠለቁ።

ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡና «እስቲ የዚህን ማመልከቻ አማርኛ ቃኝልኝ። ዛሬ ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ላስገባው ነው» አሉኝ።

ተቀብዬ አነበብሁት። «ውባንች የተባለችው ወጣት ልጆቻችንን በማባበል እያሰነፈች፣ ሴት ልጆችን ያለ አግባብ ውሃ ውስጥ እያስገባች፣ የአካባቢያችንን የዋና ስም እያጠፋች ስለሆነ ከአሠልጣኝነቷ እንድትነሣልኝ» ይላል።

«አማርኛው መልካም ነው» አልኋቸው። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ስማችንን አጠፋች ይላል፤ ባለፈው ኅዳር ባሕር ዳር ላይ ልጆቿ አራት ሜዳሊያ አምጥተው የለም ወይ?»

ፊታቸው ጠቆረ። «አራት! በአንድ ዓመት አራት! እኔ ስድስቱን ያገኘሁት በሃያ ሁለት ዓመት ነው።»

«ይህቺ ልጅ ዋና የተማረችው ከማን ነው?»

«ከእኔ ነዋ! ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከድንጋይ ላይ ወርውሬ ውሃ ያስለመድኋት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመለሰችና ልጆቹ ሁሉ ወደ እርሷ ጎረፉ። በሬዲዮ ሲጠይቋት ስሜን ጠርታለች፤ እሱን አልክድም። ግን ምን አለች? ‹የመጀመሪያው አሠልጣኜ› አለች። የመጀመሪያው! የሞተ ሰው ይመስል! ገበያ ብወጣ፣ ሰው ጤናዬን ሳይጠይቅ ‹ውባንች ጎበዝ ናት› ይለኛል። ለቅሶ ቤት ብቀመጥ ወሬው እርሷ ናት።»

አንባቢ ሆይ፣ የሰውየው ሕመም የዚያን ጊዜ ገባኝ። ማመልከቻውን ያጻፋቸው ለልጆች ማሰብ አልነበረም። ልፋታቸው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ መስማት አቃጥሏቸው ነው። ይህ ሕመም እኔንም አግኝቶኝ ያውቃል። ያስተማርሁት ልጅ በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ከእኔ ይልቅ ሲወደድ፣ ለጊዜው ሰላምታ ነፍጌው ነበርና ልፈርድባቸው አልደፈርሁም።

«ስታሠለጥን አይተዋት ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«ምን አያለሁ? ልጆቹን ሁለት ሳምንት ሙሉ በጀርባቸው ውሃ ላይ ታስተኛቸዋለች አሉ። ተኝቶ ያሸነፈ ማን አለ?»

«ጽሕፈት ቤቱ ‹ይህን መቼ አዩ?› ቢልዎትስ? የምታሠለጥንበት የእርሻ ኩሬ ከዚህ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ጎማው እስኪመጣ ደርሰን እንመለስ።»

ወረቀቱን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። «እሺ፤ ጥፋቷን በዓይኔ ካየሁ ማመልከቻዬ ይጠነክራል» ብለው ተነሡ።

ኩሬው አንድ የጥጥ እርሻ ባለቤት ለመስኖ ያስቆፈረው ነው። በውሃው ላይ ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች የታሰሩባቸው ገመዶች ተዘርግተው አራት መስመር ሠርተዋል። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ይዋኛሉ፤ እኩሌታዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ልብስ ለብሰዋል። ውባንች ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊሽካ አንገቷ ላይ፣ ደብተር እጇ ላይ ይዛ ነበር። ጋሽ ደሞዝን ስታይ ደብተሯን ጥላ ሮጠች፤ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እርሳቸው ትከሻዋን ይዘው አቃኗት።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁዎት።»

«ማን ጠርቶኝ?»

«ሦስት ጊዜ ሰው ልኬብዎት ነበር።»

ይህን አልካዱም። ወደ ውሃው ዞር ብለው በጀርባቸው የተንሳፈፉትን ትንንሾቹን ልጆች አዩ።

«በይ እስቲ ንገሪኝ፤ እነዚህን ለምን ታስተኛቸዋለሽ?»

«ውሃው እንደሚሸከማቸው ሰውነታቸው እስኪያምን ነው፣ ጋሼ። ያላመነ ሰው ከውሃ ጋር ይታገላል፤ የታገለ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ባሕር ዳር ያሠለጠኑኝ መምህሬ፣ ልጅ ሳይረጋጋ ፍጥነት አትጠይቂው ይሉኝ ነበር።»

«እኔ ፍርሃትን በፍርሃት ነው የማባርር። ምፅዋ ላይ እኛን ከመርከብ ጫፍ ይወረውሩን ነበር። የዋኘ ዋኘ፤ ያልዋኘውን ያወጡትና በማግሥቱ ደግሞ ይወረውሩታል። እንዲያ ነው ዋናተኛ የሆንነው።»

«እኔንም ወርውረውኛል፤ ለእኔ ሠርቶልኛል። ግን በዚያ ዓመት አብረን የጀመርነው ስንት ነበርን?»

«እንጃ፤ አርባ ብትሆኑ ነው።»

«አርባ አንድ ነበርን። እስከ መጨረሻው የቆየነው ሦስት ነን። ከቀሩት ብዙዎቹ ዛሬም ወንዝ ሲያዩ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ከእነሱ ውስጥ እኔን የሚበልጥ ይኖር እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ደካማው ይለያል፣ ጠንካራው ይቀራል። አሠልጣኝ ማለት ወንፊት ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ግን አሠልጣኝ የሚመዘነው በቆዩለት ልጆች ብቻ ሳይሆን ጥለውት በሄዱትም ነው እላለሁ» አለች ውባንች፤ ድምፅዋን ግን አላነሣችም። «ቆይቶ ያሸነፈውስ? ያረጋልን ያስታውሱታል?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! የወርቅ ሜዳሊያ ያመጣልኝ ልጅ ነው። ኋላ ሰነፈ እንጂ።»

«አልሰነፈም፣ ጋሼ። ሳምንቱን ሙሉ፣ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ወንዙን ሽቅብ ያዋኙት ነበር። ትከሻው ተጎዳ፤ ያመኛል ብሎ መናገር አፍሮ ዝም አለ። አሁን ኮኪት ላይ ትራክተር ይነዳል፤ ቀኝ እጁን ከጆሮው በላይ ማንሣት አይችልም። እኔ ለልጆቼ በሳምንት ሁለት ቀን ዕረፍት የምሰጠው እርሱን ስላየሁ ነው። የእያንዳንዱን ሰዓትና ሕመም በደብተር የምጽፈውም ለዚሁ ነው።»

ጋሽ ደሞዝ ወደ እኔ ሲዞሩ፣ የደከመ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ መሆኑን፣ ያለ ዕረፍት የሚሠራ መገጣጠሚያ ግን እየተጎዳ እንደሚሄድ በማውቀው መጠን አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽንፈት ግን በአንድ ጊዜ አይዋጥም፤ ሌላ ነገር ፈለጉ።

«ሴቶቹስ? እኔ ሴት የማላሠለጥነው ልባቸው ቶሎ ስለሚሸበር ነው። አንቺ አንዷ ነበርሽ የጸናሽ።»

ውባንች ፊሽካዋን ነፋችና «ዘምዘም!» ብላ ተጣራች። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ረዥም ልጅ ከኩሬው ወጥታ መጣች። ጋሽ ደሞዝ ትክ ብለው አዩዋት፤ አወቋት። ከስድስት ዓመት በፊት አባቷ ለምነዋቸው ተቀብለዋት፣ የጓንግ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወርውረው፣ ነፍሷን ስታ ነበር ያወጧት። ለአባቷም «ይህቺ ለውሃ አልተፈጠረችም» ብለው መልሰው ሰጧቸው።

«የሃምሳ ሜትሩን ወርቅ ያመጣሽው አንቺ ነሽ?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ ዘንድ ውሃ ስታይ ታለቅሺ አልነበር? ይህቺ ምን አድርጋሽ ነው?»

«ኡስታዛ፣ መምህሬ፣ መጀመሪያ ግቢ አላለችኝም። ሦስት ቀን ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን ብቻ እየነከርሁ አረፋ ሳወጣ ዋልሁ። አንቱ ዘንድ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምገባው፤ እርሷ ውሃው ውስጥ በአፍንጫሽ አውጪው አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልፈራሁም።»

«ውሃ ውስጥ መተንፈስ! ሰው ሊሞት?»

«ወደ ውስጥ መሳብ አይደለም፣ ጋሼ» አለች ውባንች። «ወደ ውጪ ማስወጣት ነው። ያገለገለውን አየር ውሃ ውስጥ ካወጡት፣ ራስዎን ሲያዞሩ የሚቀርዎት መሳብ ብቻ ነው። ይዘውት ከቆዩ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልሥራ ሲሉ ያፍንዎታል።»

«እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ይዤው ነው የዋኘሁት።»

«ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ ተመላልሰው የሚያለከልኩት። ይሞክሩት እስቲ።»

«አንቺ እኔን ልታስተምሪኝ?»

«ዘምዘም ታሳይዎት።»

ይሄዳሉ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ጀላቢያቸውን አውልቀው በቁምጣ ወደ ኩሬው ወረዱ። ዘምዘም ከጎናቸው ገብታ ፊቷን ነከረች፤ አረፋው ሲፈላ አዩ። ሲሞክሩት ውሃ ገባባቸውና ክፉኛ ሳሉ። ልጆቹ ሳቁ፤ ውባንች ገላምጣ ዝም አሰኘቻቸው። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ሳሉ። ዘምዘም «ቀስ፣ አባባ፤ እንደሚያንጎራጉር ሰው» አለቻቸው። በአራተኛው ተሳካላቸው። ከዚያም ገመዱን ተከትለው ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ሄዱ፤ ተመለሱ። አምስተኛውን ጀምረው መሐል ላይ ቆሙ፤ ያቆማቸው ግን ድካም አልነበረም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

ሲወጡ ዳር ላይ ተቀመጡ። «ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ። «ለስንት ልጅ ትንፋሽህን ያዝ ብያለሁ!» ከጀላቢያቸው ኪስ ማመልከቻውን አውጥተው ለውባንች ሰጧት። «አንብቢው። እኔ ነኝ የጻፍሁት። ቀንቼብሽ ነው።»

አነበበችው። ከዚያ በአራት ቀዳ ጣለችውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔም በአንቱ ስቀና ነው የኖርሁ» አለች።

«በእኔ በምኔ? በሽበቴ?»

«ባለፈው ክረምት ከጎጃም የመጡ የቀን ሠራተኞች ጓንግን ሲሻገሩ አንዱን ጎርፍ ወሰደው። እኔ ዳር ቆሜ በየት እንደምገባ ጠፋኝ። አንቱ ግን ከታች በኩል መጥተው፣ የውሃውን ቀለም ዐይተው፣ ገብተው አወጡት። ሰው ሁሉ ሲያመሰግንዎት እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ኩሬ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ አፈራለሁ፤ ወንዝ ማንበብ ግን ማንም አላስተማረኝም። ሦስት ጊዜ ሰው የላክሁብዎት ይህን እንዲያስተምሩን ነበር።»

ጋሽ ደሞዝ በጣታቸው መሬቱ ላይ የወንዝ መስመር ጫሩ። ከዚያ «መጀመሪያ የሚታየው አረፋው ነው» ብለው ጀመሩ፤ ልጆቹም ተሰብስበው ከበቧቸው። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ፤ እኔም የዚያን ቀን ክፍል አረፈድሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ጋሽ ደሞዝ ልጅ መወርወር ተዉ። ያረጋልን ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት፤ ትከሻው ባይድንም የትንንሾቹን ሰዓት ይይዛል። በሰኔ፣ የአረም ሠራተኞች ከደጋ ሲጎርፉ፣ ሁለቱ አሠልጣኞች በጓንግ መሻገሪያ ዳር ቆመው ያስተምሩ ጀመር። ውባንች መንሳፈፍንና መተንፈስን፣ ጋሽ ደሞዝ ደግሞ ወንዙ መቼ እንደሚታለፍና መቼ እንደማይታለፍ ያሳያሉ። በዚያ ክረምት በዚያ መሻገሪያ ላይ ማንም አልሞተም። ልምድ ያለው ሰው የተማረውን ቢሰማ፣ የተማረውም ልምድ ያለውን ቢያከብር፣ ጥቅሙ ለሜዳሊያ ብቻ አይደለም፤ ለፈሪው ልጅም፣ ወንዝ ለሚሻገረው እንግዳም ይደርሳል። ያላየነውን ከመክሰሳችን በፊት ሄደን ብናይ፣ ምናልባት የምንጠላው ሰው ሲጠብቀን እናገኘው ይሆናል።

በኅዳር ከእነርሱ ጋር ባሕር ዳር ለውድድሩ ሄድሁ። ዘምዘም የመቶ ሜትሩን ስታሸንፍ አንድ ተመልካች ወደ ጋሽ ደሞዝ ጠጋ ብሎ «የማን ተማሪ ናት?» አላቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የውባንች» አሉ።

ሰውየው ሲርቅ «ቅናቱ ለቀቀዎት ማለት ነው?» አልኋቸው።

«አልለቀቀኝም፣ መምህር። ስሟን ስጠራ አሁንም እዚህ ጋ ይወጋኛል» አሉና ደረታቸውን ነኩ። ወዲያው ተነሥተው በሰዉ መሐል እየተጋፉ ወደ ውባንች ሄዱ። «ሰማሽ?» ሲሏት ሰማሁ፤ «ልጅቷ ግድግዳው ጋ ስትደርስ የተገለባበጠችው መገለባበጥ እንዴት ነው የሚሠራው? ነገ እኔንም አሳዪኝ።»