ሦስተኛው ኩባያ

ጡረታ የወጣችው ዳቦ ጋጋሪ ዱቄቷን ተሸክማ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ፣ ደጃፏ ላይ ከጎረቤቷ ከመምህርቷ ጋር ተገጣጠመች።

“እንደምን ዋሉ እማማ?” አለች መምህርቷ ሸክሙን እየተቀበለች። “የልጅ ልጅዎ ግማሽና ሩብ አልገባ ብሏት ስታለቅስ ዋለች። ዳቦ ሲጋግሩ ዱቄቱን በኩባያ ቢያስለኳት እኮ ቶሎ ይገባት ነበር።”

የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ።

“ተይኝ መምህር። እናቷ በኩባያ ለካች፤ ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናት። ዱቄት ሲለካ ከቤት የሚወጣው በረከት ብቻ አይደለም። የቀረችኝ ይቺው ልጅ ናት።”

“ነፍሷን ይማር። የወሰዳት ግን የሳንባ ምች ነው፤ ሐኪሙ ሲናገር አብረን ሰምተናል።”

“ሐኪሙ የኔን ጓዳ አያውቀውም።”

መምህርቷ ነገር ከያዘች የምትለቅ ሴት አይደለችም። “እንግዲያው እርስዎ በእፍኝዎ ይዝገኑ፣ እኔ ልለካው። የሚመጣ ነገር ካለ በኔ ይምጣ” አለች።

አሮጊቷ በእጇ ትኮራለች፤ እሺ ብላ ወደ ጓዳ አስገባቻት፤ የልጅ ልጇም ተከትላቸው ገባች። ጓዳው በቀትርም ድንግዝግዝ ያለ ነው። ለአንድ ሰው የሚበቃ ዘገነች፤ አንድ ኩባያ ልክ ሞላ። ለራሷና ለልጅቷ ዘገነች፤ ሦስት ኩባያ ሆነ። ደገመች፤ አሁንም ሦስት። በመጨረሻው ዙር ይብቃ ብላ እያሰበች እንኳ እጇ ተመልሶ ከዱቄቱ ገባ። ጓዳው ውስጥ ሌላ ሰው የቆመ መሰላትና ዞር ብላ ለማየት ፈራች።

“አያቴ፣ ሁልጊዜ አንድ ዳቦ እየተረፈ ይደርቅብን የለ?” አለች ልጅቷ በቀስታ።

“ለካ እስከ ዛሬ ለእናትሽም ስጋግር ኖሬአለሁ” አለች አሮጊቷ።

“ኩባያ ይህን ያሳያል እንጂ ሰው አይገድልም እማማ። ልጅቱም ግማሽን ከሩብ በእጇ ይዛ ትለያለች፤ ዱቄትዎም አይባክንም። ነገ ብቻዋን ብትቀር እንኳ ቤቷን በልክ ማስተዳደር ታውቃለች።”

የመጨረሻው ቃል የአሮጊቷን ልብ ነካው። ኩባያውን አንስታ ለልጅቷ ሰጠቻት።

“ያዢ፤ ካሁን ወዲያ የምትለኪው አንቺ ነሽ።”

“የስንት ሰው?”

አሮጊቷ ዱቄቱን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

“የሁለት” አለች።

ቀኝ እጇ ግን ወደ ዱቄቱ እየሄደ ነበር። በግራዋ ያዘችው፤ ልጅቷ ሁለተኛውን ኩባያ አስተካክላ እስክትገለብጥ ድረስም አልለቀቀችውም።