ሦስት ጊዜ «ግሩም ነው» ያልኩበት ዓመት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ርእሰ መምህርታችን ታማር፣ እንዲሁም በዚህ የሰኔ ሙቀት ከራማት የዲዲም ሰፈር በእግራችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እግዜር ያክብርልኝ። ኬክ የጋገራችሁ፣ ወንበር የደረደራችሁ፣ ያን ሁሉ ፊኛ የነፋችሁ፣ ትንፋሻችሁ አይጥፋ። በፊኛው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የሚሰናበተው ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው እንጂ ስድስት ዓመት የሞላው ሕፃን አይደለም።

ዛሬ በአማርኛ ነው የምናገረው። ታማር «ቀንህ ነው፣ በፈለግከው ቋንቋ ተናገር» ብላ ፈቅዳልኛለች፤ መምህርት ሺር አጠገቧ ተቀምጣ እየተረጎመችላት ነው። በዕብራይስጥ አስተምሬያለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ከሾፌር ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ዛሬ ግን ከአንድ ሰው ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። በዕብራይስጥ «ስሊሓ» አውቶቡስ ውስጥ እግር ሲረግጡ የሚባል ነው፤ ለኔ ጥፋት አይበቃም።

ሺር፣ እስካሁን ደህና ነው? የፊኛውንም ነገርሻት? ጎሽ።

እዚህ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ከዚያ በፊት አገር ቤት ወገራ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ፤ አንድ ሰሌዳ፣ ሰባ ተማሪ፣ ጠመኔ ሲያልቅ ደግሞ መሬት ላይ በእንጨት መጻፍ። ታማር ርእሰ መምህርት ሆና የመጣች ዕለት ከኮሪደሩ ጫፍ «ጥሩነህ!» ብላ ጠራችኝ። አቶ የለ፣ ጋሼ የለ። ማንን ነው እንዲህ የምትቆጣው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ለካ የሦስተኛ ክፍልን ቁልፍ ፈልጋ ኖሯል። እኔም «እርስዎ» ስላት «ማን ሌላ አለ እዚህ?» ብላ ከለከለችኝ። እሺ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ቁም ነገሬ ልግባ። ይቅርታ የምጠይቃት መምህርት ሙኒትን ነው። አዎ፣ አንቺን። ወደ ኋላ አትዙሪ።

በ2003 መስከረም ሙኒት ስታዥ ልትሠራ፣ ማለትም አንድ ዓመት እየተለማመደች ልታስተምር ወደ ክፍሌ መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ደግሞ አሰልጣኟ ተባልኩ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ ከኋላ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ትምህርቷን አይና ጥሩውንም መጥፎውንም ቅጽ ላይ እጽፋለሁ። ማለፍ መውደቋን የምትወስነው ተቆጣጣሪ ከመምጣቷ በፊት የጎደለውን ታርመው ዘንድ ነው።

በዚያ ዓመት ደግሞ አዲስ ትእዛዝ ወጣ፤ ልምምድ ላይ ያለ ሁሉ በኮምፒውተር ማስተማር እንደሚችል ያሳይ ተባለ። ለመላው ትምህርት ቤት የነበረን አንድ ባርኮ ነው፤ ያ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ የሚጥለው ማሽን። ሙኒት እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ትመጣ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ ማጼጌት አዘጋጀች፤ በኮምፒውተር የተሠራ፣ ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ ትምህርት ነው።

ትምህርቱ ክፍልፋይ ነበር። መብራቱ ጠፋ፣ ግድግዳው በራ፣ አንድ ዝንጀሮ ኬክ ይዞ ብቅ አለ። ቢላዋ እየበረረ መጥቶ ኬኩን ቆራረጠው። ጭብጨባ ቀለጠ፤ ከልጆቹ አይደለም፣ ከማሽኑ ነው። ልጆቹ ወንበር ላይ ወጡ። እኔ በደንብ ለማየት ብዬ ቦታ ስቀይር በባርኮውና በግድግዳው መሐል ገባሁና ዝንጀሮው ሸሚዜ ላይ ሰፈረ። ብንቀሳቀስ የሆነ ነገር የማበላሽ መሰለኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሆዴ ላይ ኬክ ሲቆረጥ ሠላሳ ሁለት ልጅ ቆሞ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ትናንት ምን ተማራችሁ?» አልኩ።

«ዝንጀሮው ኬክ በላ!»

«ጎበዞች! ስንት ቦታ ቆረጠው? አንዱ ቁራጭ የኬኩ ስንተኛ እጅ ነው?»

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ዝንጀሮው ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።

እንግዲህ ያን ያህል ዘመን ያስተማረ ሰው ልጅ ገብቶት ሲስቅና ሳይገባው ሲስቅ ይለያል። ለዚህ ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። አየሁ፣ አወቅሁ። ከዚያ ብዕሬን አንስቼ «ግሩም ነው» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ጊዜ ግሩም ነው። በሦስተኛውም ግሩም ነው።

ለምን? ፈርቼ ነዋ! ኮምፒውተር ማብራት እንኳ አላውቅም ነበር። «ልጆቹ አልገባቸውም» ብላት «ዘመናዊ ነገር ያልገባውስ ሽማግሌው ነው» የምትለኝ መሰለኝ። ይሉኝታም አለ። ሦስት ቀን የለፋችበትን በአንድ ቃል እንዴት አድርጌ ልናደው? ሺር፣ ይሉኝታን ምን ብለሽ ተረጎምሽላት? አቃተሽ? «ሰው ምን ይለኛል እያሉ እውነትን መዋጥ» በያት።

ሙኒት ከክፍል ስትወጣ «ጋሼ፣ እውነት እንዴት ነበር?» ትለኝ ነበር። ዓይኔን እያየች።

«ግሩም ነው ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» እላለሁ።

በግንቦት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ሙኒት ዝንጀሮውን አስነሳችው፣ ኬኩ ተቆረጠ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ሲያልቅ ተቆጣጣሪዋ ለልጆቹ አንዲት ጥያቄ ሰጠች። ከሠላሳ ሁለት ልጅ አንድ እጅ አልወጣም። ሙኒት ወደቀች።

ታማር ቢሮዋ ጠራችኝ። «ጥሩነህ፣ ሦስት ጊዜ ግሩም ነው ብለህ ፈርመሃል። አንተ ስታይ ልጆቹ ይገባቸው ነበር?»

ሺር፣ ይቺን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተርጉሚልኝ።

«ይገባቸው ነበር» አልኩ። «ያን ቀን ደንግጣ ይሆናል።»

ታማር የነገርኳትን ጻፈች። አሰልጣኟን ጠየቀች፣ አመነችው፤ እሷ ምን ታድርግ? በሙኒት የግል ማኅደር ውስጥ «በጭንቀት ጊዜ ትደነግጣለች» የሚል አንድ መስመር ገባ። ዛሬም እዚያው አለ።

ልትይዘው የነበረው ክፍል ለሌላ ተሰጠ። ሙኒት ዓመቱን ሙሉ ሌላ ከተማ፣ ኤቨን የሁዳ ድረስ በሁለት አውቶቡስ እየተመላለሰች የታመመ መምህር ስትተካ ከረመች። ከዚህ የወጣች ቀን በሩ ላይ አገኘኋት። «ጋሼ፣ ለማስተማር አልተፈጠርኩ ይሆን?» አለችኝ። እንባዋ ዓይኗ ላይ ነው። እኔ ምን አልኩ? «አይዞሽ» አልኩ። ገፍቼ ጥዬ አይዞሽ!

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶቻችን። የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ባለቤቴ ፈንታዬ እዚህ አለች፣ ትመስክር፤ እህል አልወርድ አለኝ። «ያመመህን ተናገር ወይም ሐኪም ጋ ሂድ» አለችኝ። ሁለቱንም ትቼ ሰፈራችን ባለው ማትናስ፣ በሕዝብ ማእከሉ ማለቴ ነው፣ የኮምፒውተር ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪያችን ከሩሲያ የመጣች ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች። ማውሱን ስታቀብለኝ ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳት። «በአንድ እጅ ነው» አለች። «በአንድ እጅ መቀበልማ ነውር ነው» አልኳት። ሴትዮዋ ጉድ አለች። እኔ ግን ዓመቱ ሳያልቅ ማጼጌት መሥራት ቻልኩ።

በዓመቱ ሙኒት ስታዡን እንደገና ልትሠራ ተመለሰች። ታማር አሁንም እኔኑ መደበችላት። ያንኑ ዝንጀሮ ይዛ ያስተማረችውን የመጀመሪያ ትምህርት አይቼ ስጨርስ እንደምንም «ሙኒት፣ ዝንጀሮው ትምህርቱን በላው» አልኳት።

«አውቅ ነበር ጋሼ» አለች። «ያኔም አውቅ ነበር። ግን እርስዎ ግሩም ነው ካሉ፣ እኔ ማን ነኝና አይደለም እላለሁ?»

ጉድ እኮ ነው! ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ተከባብረን ገደል ገባን።

ከዚያማ ሥራ ጀመርን። ዝንጀሮውን አባረርነው፣ ኬኩን አስቀረነው። ቢላዋው መብረሩን ተወና ልጆቹ ራሳቸው ተራ በተራ እየወጡ በማውስ ይቆርጡ ጀመር፤ ከመቁረጣቸው በፊት ግን ስንት ቦታ እንደሚሆንና አንዱ ቁራጭ ስንተኛ እጅ እንደሆነ ይናገራሉ። ይህን ያሰበችው እሷ ናት። እኔ «ይሄኛው ገባቸው፣ ያኛው አልገባቸውም» ከማለት ሌላ ያደረግሁት የለም። ሙኒት አለፈች። ዛሬ በኮምፒውተር ማስተማር ለቸገረው መምህር ሁሉ የምትደርስለት እሷ ናት። እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ፤ ማን ማን እንደሆናችሁ አልናገርም።

ያቺ መስመር ግን አለቀቀቻትም። ሙኒት የኮምፒውተር ትምህርት አስተባባሪ ለመሆን ሁለት ጊዜ አመለከተች። ሁለቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ «ጎበዝ ናት፣ ግን በጭንቀት ጊዜ ትደነግጣለች» ተባለ። እኔ ስብሰባው ውስጥ ነበርኩ። ጫማዬን አየሁ።

ትደነግጣለች? ባለፈው የሐኑካ በዓል፣ ስልሳ ወላጅ በተሰበሰበበት፣ ባርኮው ድርግም አለ። እኔ ቁጭ ባልኩበት ውሃ ሆንኩ። ሙኒት «አንድ ደቂቃ ስጡኝ» ብላ የበዓል ቀሚሷን ሰብስባ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሽቦውን ሰክታ፣ ጸጉሯ አቧራ ለብሶ ወጣችና «እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?» አለች። ይቺ ናት ደንጋጣዋ?

ታማር፣ በሚመጣው ሳምንት አስተባባሪ ልትመርጪ ነው። ማንን ምረጪ አልልሽም፤ እሱ የአንቺ ሥራ ነው። ያቺ መስመር ግን ትውጣ። ውሸት ናት። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን ቢሮሽ ስትጠሪኝ የደነገጥኩት እኔ ነበርኩ። ይኸው፣ ይህንኑ በዕብራይስጥ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሺር፣ አቀብያት። ማኅደሯ ውስጥ ይግባ።

ሙኒት ልጄ፣ በአገራችን ቢሆን ድንጋይ ተሸክሜ ደጃፍሽ እቆም ነበር። አሁን ሐኪሙ ወገብህን ብሎ ከባድ ነገር ከልክሎኛል። ያለ ድንጋይ ለምኜሻለሁ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

እናንተ ወዳጆቼ፣ ጠመኔ የያዘም ማውስ የያዘም እጃችሁ ይባረክ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ታማር፣ ባዶ ስሜን እየጠራሽ ያከበርሽኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የሚመጣው ዓመት እውነቱን ፊት ለፊት ተነጋግራችሁ አብራችሁ የምትስቁበት ይሁንላችሁ።

ሙኒት፣ ወደዚህ ነይ፣ ማይክሮፎኑን ውሰጂ። «ምንም አይደል ጋሼ» እንዳትይኝ። በልብሽ ያለውን ተናገሪ። ቅር ብሎሽ ከሆነ ቅር ብሎኛል በይ፤ ይቅር ለማለት ጊዜ ከፈለግሽም ጊዜ እፈልጋለሁ በይ። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።