ምርቃቱ ተሰማ፣ ነገሩ ተቆረጠ

ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ የሚወርድ ባጃጅ ሳይሞላ አይነሳም። ሔርሜላ ገብታ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ከጎኗ መጥተው የተቀመጡት ጋሽ ኦይታ ሆኑባት። ቀድማ ብታያቸው ኖሮ በእግሯ ትወርድ ነበር። እሷ በከተማው በአንድ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። እሳቸው በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ማሳቸው ድረስ ሄዳ ድምፃቸውን ቀድታ ነበር።

"እንዴት ነዎት ጋሼ?"

"እንዴት እንድሆን ነው የተውሽኝ?" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። "ባለፈው ሳምንት ራሴን በሬዲዮ ሰማሁት። 'ቦይ ተሠርቶልናል፣ የሠሩትን እግዚአብሔር ይባርካቸው' ብዬ ጭጭ! ቀሪውን ማን በላው?"

ሔርሜላ ደነገጠች፤ ግን የተማረ ሰው መልስ አያጣም። "የዜና ሰዓት አጭር ነው ጋሼ፤ ሁሉም አይገባም። ደግሞ እርስዎ ያላሉትን አንድ ቃል አልጨመርኩም።"

"አልጨመርሽም! ሌባ ከጎተራ ሲወስድ ይጨምራል እንዴ?"

ባለባጃጁ ሳቁን መያዝ አቃተው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሔርሜላ ሰዓት አላጠራትም። አለቃዋ አቶ ተክለወልድ "ቦዩ ገና መመረቁ ነው፤ ውኃ የለም የሚለውን አውጪው" አሏት፣ እሷም በገዛ እጇ ቆርጣ አወጣችው። "ለምን?" ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

"ስሚ ልጄ" አሉ ጋሽ ኦይታ። "በእኛ በጋሞ ሽማግሌ አቤት ሊል ሲነሳ በስድብ አይጀምርም። አገር ሰላም ይሁን፣ ሹም ይባረክ ብሎ ይመርቃል፤ ነገሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህን ደጋው ገረሴ ያለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ ጋሼ።"

"ታዲያ እያወቅሽ ምርቃቴን ወስደሽ ነገሬን ጣልሽው! ውኃ ከቀረ ስድስት ሳምንት ሆነው፣ ሙዙ እየደረቀ ነው ያልኩት የት ገባ? ጎረቤቶቼ 'ኦይታ ለሹም አጎበደደ፣ እኛን ሸጠን' ይላሉ። ሕዝቅኤል ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ቦይ የጠረገ ሰው ነው፤ ዛሬ ሰላምታዬን አይመልስም። አሁን ለዱቡሻ፣ ለአገር ሸንጎ፣ ተጠርቼ እየሄድኩ ነው። ሽማግሌዎች በአደባባይ ውሸታም ካሉኝ ጎሜ ነው፤ ነውርም ኃጢአትም። ከሰው ጋር መብላት ይቀርብኛል።"

 ሔርሜላ ግን እጅ መስጠት አልፈለገችም። "ጋሼ፣ እኛ እኮ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። አቤቱታ ብቻ ብናሰማ ሕዝቡ ተስፋ ይቆርጣል፤ ተቃዋሚውም ያራግበዋል።"

"አቤቱታ ብቻ አሰሚ ማን አለሽ? ነገ አንዱ መጥቶ ምርቃቴን ቆርጦ ቁጣዬን ብቻ ቢያሰማ እሱም ሌባ ነው! ደመወዝሽን የምከፍለው ደግሞ እኔ ነኝ፣ በግብሬ። ሬዲዮው የሹም ከሆነ የሕዝብ ነው አትበሉን። ሹሙንስ መች ጠቀምሽው? ውኃ እንደሌለ ማን ይንገረው? እሱም ያንቺን ዜና ሰምቶ ተኝቷል።" ጋሽ ኦይታ አሁን ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። "በዱቡሻ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አይቋረጥም። የአንዱ ብቻ ተሰምቶም አይፈረድም። እኛ ፊደል ሳንቆጥር የምናውቀውን እናንተ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ነው የረሳችሁት?"

ይህ አጥንቷ ድረስ ገባ። ስለ ዜና ሚዛናዊነት ተፈትና ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ ናትና።

"ሙሉው ድምፅዎ ስልኬ ላይ አለ" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርገው? ነይና አሰሚያቸው!"

ሄደች። ሰዎቹ በዱቡሻው ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ነበር። ሽማግሌዎቹን አስፈቅዳ ቅጂውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማችና "የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ኦይታ አልዋሹም" አለች። ሕዝቅኤል ተነሥቶ የጋሽ ኦይታን እጅ ያዘ። የእሳቸው ንዴት ግን አልበረደም።

"እዚህ የሰማው ሠላሳ ሰው ነው" አሏት። "ያንን የሰማው ከጫሞ ሐይቅ እስከ ገረሴ ያለ ሕዝብ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ሔርሜላ አቶ ተክለወልድ ቢሮ ገባች። "እርማት እንሥራ፤ በዚያው ሰዓት፣ ሙሉውን" አለች።

"ከላይ ቢደወልስ?"

"ይደወል። የሚሉትን ቀድተን እሱንም እናሰማለን።"

አቶ ተክለወልድ ጮኹ፣ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ በመጨረሻም "ኃላፊነቱን በፊርማሽ ውሰጂ!" አሉ። ፈረመች።

እርማቱ ተላለፈ። የመስኖ ባለሙያውም መልስ ሰጠ፤ መልሱ ደግሞ ለገበሬውም የማይጥም ነበር። "ቦዩ አልተበላሸም፤ በቦዩ ላይኛ በኩል ያላችሁት ገበሬዎች ውኃውን ጠልፋችሁ ነው" አለ። እውነቱን ነበር። የላይኞቹም የታችኞቹም ዱቡሻ ተቀመጡ፣ ተሰዳደቡ፣ በመጨረሻም ማሳቸውን በተራ ለማጠጣት ተስማሙ። በሳምንቱ ውኃው ከጋሽ ኦይታ ማሳ ደረሰ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁለቱም ወገን ስለተሰማ ሹሙ ያላወቀውን አወቀ፣ ጠላፊው አፈረ፣ ሙዙ ተረፈ፣ ተናደው ሬዲዮናቸውን የዘጉ ገበሬዎችም መልሰው ከፈቱት። ማንም መንግሥት አልወደቀም። ለዚህ ሁሉ የተጨመረው የአንድ ደቂቃ ተኩል ድምፅ ነው። ያቺን ደቂቃ ተኩል ለመቆጠብ ሲባል አንድ ሽማግሌ በተወለደበት አገር ውሸታም ተብሎ ሰነበተ። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ዛሬም አልበረደልኝም።