ሲስተር ቆይ አልሰጥም ያሉት መድኃኒት

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ሐኪም ቤቱ በሙሉ «ሲስተር ቆይ» እያለ ይጠራቸው የነበሩት እኅታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ሦስተኛ ልጅ ሆነው የተወለዱት ከስልሳ ሰባት ዓመት በፊት ነው። ቁመታቸው ከስፌት ጠረጴዛው ሳያልፍ አባታቸው መርፌ ላይ ክር ማስገባት አስተምረዋቸው ስለነበር፣ ኋላ የጨቅላ ደም ሥር ሲፈልጉ እጃቸው ተንቀጥቅጦ እንደማያውቅ ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ።

በነርስነት ተመርቀው በሕፃናት ክፍል ሲያገለግሉ፣ ሐኪም ቢጣደፍም ሆነ እናት ብትደነግጥም «ቆይ» ብለው የክብደት መዝገቡን ደግመው ሳያዩ መድኃኒት አይሰጡም ነበርና፣ ቅጽል ስማቸው እዚያው ወጣላቸው። ትዳር የመሠረቱት ከሐኪም ቤቱ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ጋር ነው። ጠጋኙ ደኅናውን ማቀዝቀዣ «ልፈትሸው» እያሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመላለሱበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ያልገባቸው ሲስተር ብቻ እንደነበሩ፣ ክፍሉ ሁሉ እያነሣ ይስቅባቸው ነበር። ሴት ልጅና ወንድ ልጅም ወለዱ።

በአርባ አንድ ዓመታቸው፣ የሦስት አገር ተመራማሪዎች ተባብረው በሕፃናት ላይ ለሚጸና የሳንባ በሽታ አዲስ መድኃኒት ሲሞክሩ፣ ሲስተር በሐኪም ቤታቸው የጥናቱ አስተባባሪ ሆኑ። በአሥራ አራተኛው ወር የሁለት ሕፃናት ዓይን ቢጫ ሆኖ አገኙት። የጉበት ምርመራው ውጤት በጥናቱ ሰነድ ከተፈቀደው ወሰን ገና አላለፈም ነበርና፣ ባሕር ማዶ ያሉት የጥናቱ መሪ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ በስልክ ስብሰባ አዘዙ። ሲስተርም ሁሉም እየሰማ፣ «ልጆቹ እፊቴ ናቸው፤ ዓይናቸው ቢጫ ነው። በእኔ እጅ አይሰጥም፤ ካስፈለገ አንሡኝ» አሉ።

አነሷቸው። ሦስት ሳምንት የፋሻና የጓንት መጋዘን ሲጠብቁ፣ መድኃኒቱን ሌላ ሰው ሰጠ፤ ከሁለቱ ሕፃናት አንዷ ዐረፈች።

በዚያ ስብሰባ ድምፃቸውን የሰሙ፣ ከሦስቱ አገሮች በሌላው ያሉ ነርስ ግን ነገሩ አላስቀምጥ ብሏቸው የራሳቸውን መዝገብ ቢያገላብጡ፣ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ አራት ሕፃናት አግኝተው የሕፃናቱን ደኅንነት ለሚከታተለው የጥናቱ ኮሚቴ ጻፉ። ጥናቱ ቆመ፤ ክብደታቸው አነስተኛ ለሆኑ ሕፃናት የታዘዘው መጠን ከሚችሉት በላይ እንደነበር ታወቀ። መጠኑ ተስተካክሎ ሥራው ሲቀጥል ሲስተር ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ መሪውም በአካል መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ሲስተር «ለእኔ ሳይሆን ለእናትየዋ ይንገሩ» ብለው እስከ ሟቿ ልጅ ቤት ድረስ ወሰዷቸው፤ ሰውየውም እናቲቱ ፊት ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ሳያስቀሩ ተናገሩ። መድኃኒቱ ዛሬ በሦስቱም አገሮች ይሰጣል። ሲስተር ግን የዚያችን ልጅ ክብደት፣ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ እስከ መጨረሻው አልረሱትም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። የቀዶ ሕክምና ፈቃድ እንዲፈርሙ ሲጠየቁ ወጣቱን ሐኪም አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አስነብበው፣ ሁለት ስሕተት አሳረሙት። ሕክምናው ለአሥራ ስምንት ወር ዕድሜ ቢሰጣቸውም፣ ባለፈው ማክሰኞ ጧት ልጆቻቸው በተቀመጡበት ዐርፈዋል።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ከኋላ ቀርተናል። ድካማቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ቀድማቸው ከሄደችው ሕፃንም ጋር ያገናኛቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።