የጌዶው አውቶቡስ መስኮቶች

በመንገድ ላይ የሚገኘው ትምህርት በወንበር ላይ ከሚገኘው ይበልጣል ብል የወንበር ሰዎች ይቀየሙኛል። ይቀየሙ። እኔ በድሉ ከሰባተኛ ክፍል በላይ ባልገፋም፣ በአምቦ አውቶቡስ ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። የስምሪት ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ሲሆን ግን መንገዱን የማያውቀው፣ ስብሰባውን የሚያውቀው ጓድ ንዋይ ተሾመበት። የሱ ነገር ቦታው ሲደርስ ይመጣል። የምጽፈው በ1981 ዓ.ም. በየካቲት፣ ማጅራት ገትር ሰው በሚጥልበት ወራት፣ ሳላስበው ተሳፍሬ ያየሁትን ነው።

ዘመድ ጠይቄ ከጌዶ ስመለስ ያገኘሁት የኦቦ ሆርዶፋን አውቶቡስ ነበር። ኦቦ ሆርዶፋ ከአምቦ እስከ ባኮ ባለው መስመር ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሽማግሌ ሹፌር ነው። ረዳቱ በሽታውን ፈርቶ ከቀረ ሳምንት ስለሆነው ዕቃ የሚጭነውም፣ ሒሳብ የሚቀበለውም እሱው ራሱ ነበር።

ልንነሣ ስንል ቱፋ የሚባል ገበሬ ሚስቱን አመዩን በቃሬዛ አስይዞ መጣ። ሴትዮዋ አንገቷ ወደ ኋላ ደርቆ፣ ዓይኗን ከብርሃን ሸሽጋ ታቃስታለች። መካከል ላይ አስተኟት። ወዲያው ስልሳ ሰው በአንድ አፍ፣ “መስኮት ዝጉ! በሽተኛዋን ንፋስ እንዳይመታት!” አለ። ሁሉም ተዘጋ። የኔን ልተወው ብል፣ ከኋላዬ የተቀመጠችው ቅቤ ነጋዴ ሸዋገነት፣ “አንተ ሰውዬ፣ ንፋስ ካማረህ ጣራው ላይ ውጣ!” አለችኝ። ሰው ሳቀብኝ። ዘጋሁት።

ጉደር ላይ ድንቅቱ ገባች። እሷ የአምቦ ልጅ ናት፤ ጤና ረዳት ሆና ገጠር ለገጠር እየዞረች ክትባት የምትሰጥ፣ ዕድሜዋ ከሃያ አምስት የማይበልጥ ወጣት ናት። ከጉደር ወጥተን ጥቂት እንደሄድን የኋላው ጎማ ፈነዳ።

ተሳፋሪው ወርዶ ባሕር ዛፍ ሥር ተኮለኮለ። ረዳት ስለሌለ እኔ ክሪኩን አቀረብኩ። ኦቦ ሆርዶፋ እጅጌውን ሰብስቦ ብሎን መፍታት ጀመረ። በሽተኛዋን ስታይ የቆየችው ድንቅቱ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

“ኦቦ ሆርዶፋ፣ ይቺን ሴት የያዛት ማጅራት ገትር ነው። በቶሎ ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች። ለመሆኑ እርስዎ ክትባቱን ወስደዋል?”

“እኔ ጎማ እየፈታሁ ነው፣ ኢንተላ ኮ።” ልጄ ማለቱ ነው።

“አልወሰዱማ።”

“ለሹፌር የመጣ መርፌ የለም። ቢመጣም አልፈልገውም። ባለቤቴ ወርቅቱ ጠዋት ጠዋት ቤት ዋል እያለች ካፖርቴን ትጎትታለች። ረዳቴ ፈርቶ ቀረ። አሁን ደግሞ አንቺ! እኔም ፈርቼ ብቀር ይቺን ሴት ማን ያመጣት ነበር? ቱፋ በጀርባው?”

ይህ ንግግሩ ልቤን ነካው። በዚያ ወራት ከቢሮ ሆነው ‘ሥራ አይቋረጥም’ የሚሉን ሰዎች አንድም ቀን የበሽተኛ ቃሬዛ አጠገብ ተቀምጠው አያውቁም።

“ይቅሩ አላልኩም” አለች ድንቅቱ። “ይንዱ። ግን እንደዚህ አይንዱ። በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በሳልና በምራቅ ነው። ስልሳ ሰው መስኮት ጠርቅሞ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ሲስብ፣ እርስዎ የሚነዱት አውቶቡስ አይደለም፤ በሽታ ነው።”

“አንቺ ንፋስ ሰው ሲመታ አላየሽም። የአጎቴ አፍ የተጣመመው ላቡ ሳይደርቅ ንፋስ መትቶት ነው።”

“ይዩዋቸው እነዚያን ሰዎች። የየካቲት ንፋስ ነጠላቸውን ሊነጥቃቸው ነው። ማን ጮኸ? ሜዳ ላይ ሲነፍስ ደህና የሆነው ንፋስ በመስኮት ሲገባ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል?”

ኦቦ ሆርዶፋ የብሎን መፍቻውን ቁልፍ ወደ ሜዳው ቀሰረ። “የሜዳው ሰፊ ነው” አለ። “የመስኮቱ ቀጭን ነው። የሚወጋ ቀጭኑ ነው።”

እውነቱን ልናገር፣ መልሱ ጥሩ መልስ መሰለኝ። አገሩ በሙሉ የሚያምነው ይህንኑ ነው። ድንቅቱ ግን ወደ ክንዶቹ ጎንበስ ብላ አየች።

“የግራ ክንድዎ ከቀኙ ለምን ጠቆረ?”

“በመስኮት አውጥቼ ስለምነዳ ነዋ። ፀሐይ ነው። ሹፌር ሁሉ እንዲህ ነው።”

“ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ?”

“ሃያ ስድስት ዓመት።”

“ታዲያ ያ ቀጭን ንፋስ ሃያ ስድስት ዓመት ሲወጋዎት ስንት ቀን ተኙ?”

የግራ እጅጌውን ወደ ታች ሳበ። እኔ ሳቅሁ።

“አንተ ምን ያስገለፍጥሃል? ክሪኩን አጥብቀህ ያዝ!” አለኝ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “የሚጠብቀኝ ጌታ ነው፣ ልጄ። አንቺም እኔ በምጸልይበት ቤት ነው የምትጸልዪው።”

“አዎ፣ እሑድ እሑድ ከአባቴ ጎን ይቀመጣሉ። ከጌዶ ወደ ባኮ ቁልቁለቱን ሲወርዱም ይጸልያሉ?”

“እንዴታ!”

“ጸልየው ፍሬኑን ይተዉታል?”

“አበድሽ እንዴ? ጸልዬ ፍሬን እይዛለሁ!”

“መርፌውም ፍሬን ነው። እሱም ቢሆን እስኪሠራ አሥር ቀን ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ያለዎት ፍሬን መስኮቱ ነው።”

“አልኩሽ እኮ!” ብሎ ቁልፉን መሬት ላይ ወረወረው። “ለሹፌር መርፌ አልመጣም! ከየት ላምጣ?”

“መጥቷል” አልኩ።

ሁለቱም ዞሩብኝ። አፌን ከከፈትኩ አይቀር ጨረስኩት። በጥር መጀመሪያ ለጣቢያችን ሾፌሮች ተብሎ የሃያ ሰው መርፌ ተልኮ ነበር። ጓድ ንዋይ የቢሮውን ሠራተኞች ከነሚስቶቻቸው ሰብስቦ አስወጋ፤ ለሾፌሮች ሁለተኛው ዙር ይደርሳቸዋል አለ። ሁለተኛ ዙር አልመጣም። የባኮው ሹፌር ኤጄታ፣ የኦቦ ሆርዶፋ የልብ ወዳጅ፣ በየካቲት መግቢያ ታሞ በሦስተኛው ቀን ተቀበረ።

“አንተስ?” አለኝ ኦቦ ሆርዶፋ።

“ተወግቻለሁ።”

“ዝም ብለህ?”

ምን ልበለው? ቀድሞ ስለ መንገዱ የጻፍኩትን ማመልከቻ ጓድ ንዋይ በሰው ፊት፣ “ሰባተኛ ክፍልም ሐሳብ አለው!” ብሎ ቀዶታል። ከዚያ ወዲህ ምን አገባኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። እኔ ቂሜን ታቅፌ ስቀመጥ ሰው ሞተ። ይህን ለኦቦ ሆርዶፋ አልነገርኩትም፤ ለአንባቢ ግን እነግራለሁ።

ኦቦ ሆርዶፋ አልተሳደበም። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ እጁን በጨርቅ ጠረገ። “ኤጄታ ይቀብረኛል ስል ቀበርኩት” አለ። “ፈሪ እንዳልባል ነበር እንዲህ የነዳሁት። ለካ እኔ ደፋር ስባል መርፌዬን ሌላው ይወጋው ነበር! በይ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?”

እሷም ነገረችው። በሽተኛዋ ከመስኮት ሥር ትተኛ፤ ባሏ ብቻ አጠገቧ ይሁን፤ ሌላው ራቅ ይበል፤ መስኮቱ ሁሉ ይከፈት፤ የሚያስል ሰው አፉን በነጠላው ይያዝ። መርፌ ያልወሰደ ሹፌር ደግሞ መርፌውን ይጠይቅ፤ አለመጠየቅ ጀግንነት አይደለም።

ሰው ተሳፈረ። ኦቦ ሆርዶፋ በሩ ላይ ቆመ። “መስኮት ይከፈት።”

ጩኸት ሆነ። ከሁሉ የሸዋገነት ድምፅ በለጠ፤ “ኧረ ሰዎች! በሽተኛዋንም እኛንም በንፋስ ሊጨርሰን ነው! ምን ነካው ይሄ ሽማግሌ?”

“ሸዋገነት፣ ቅቤሽን ከነገበያሽ አምቦ አደርስልሻለሁ። መስኮቱ ካልተከፈተ ግን ሞተር አላስነሣም። አምቦ በእግር ሩቅ አይደለም።”

“በእግር ብሄድ ያው ንፋስ አይደለም እንዴ!” አለች በቁጣ። ያለችው ነገር ለራሷም ገባት መሰለኝ፣ ሰው ሲስቅ እያጉረመረመች መስኮቷን ሳበች። ሌላውም ተከተላት። ቱፋ ግን አልሳቀም። ሚስቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ “የፈለጋችሁትን ክፈቱ፤ ብቻ ንዱልኝ” አለ።

ኦቦ ሆርዶፋ ጣቢያ ሳይገባ ቀጥታ ሆስፒታል ወሰዳት። ወደ ጣቢያ ስንመለስ ጓድ ንዋይ ደጅ ቆሞ ይጠብቀናል።

“መስመር ለቀህ የሄድከው በማን ፈቃድ ነው? አምስት ቀን ከተራ ታግደሃል!” አለ፣ አባቱ የሚሆነውን ሰው።

“አምስቱም ይሁን” አለ ኦቦ ሆርዶፋ። “የኛን መርፌ የት አደረስከው?”

“የምን መርፌ?”

ያን ጊዜ እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። የተወጉትን ሰዎች በየስማቸው ጠራሁ፤ ከራሴ ስም ጀመርኩ። ሾፌሮቹ ከያሉበት ተሰበሰቡ። ጓድ ንዋይ ሊያስፈራራኝ አፉን ከፈተ፤ ግን የሚያስፈራራው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ የኦቦ ሆርዶፋን ተራ የሚወስድ ሹፌር ጠፋ። ሌሎቹም፣ “በሽተኛ ካለ እናመጣለን፤ ሌላውን መርፌ ወስደን እንነዳለን” አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት በሽተኞችን መስኮት ከፍተው ከጌዶ አመጡ። በሦስተኛው ቀን መርፌው በበረዶ ሳጥን መጣ። እገዳውም ተነሣ።

አመዩ ዳነች፤ አንድ ጆሮዋ ደነቆረ እንጂ ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ክረምቱ ገብቶ በሽታው እስኪበርድ ድረስ በዚያ መስመር ሌላ ሹፌር አልታመመም፤ መንገዱም አልተዘጋም። መስኮት መክፈት ገንዘብ አያስወጣም። ሹፌርን አስቀድሞ መከተብም ሹፌሩን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ በአውቶቡሱ የሚሳፈረውን ሰው ሁሉ መጠበቅ ነው። ወርቅቱም ካፖርት መጎተቷን ትታ ጠዋት ጠዋት፣ “መስኮቱን እንዳትረሳ” ብላ ትሸኘው ጀመር።

በግንቦት ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ንዋይ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ “ጀግኖች ሾፌሮቻችን በክፉ ቀን አልሸሹም!” ብሎ አስጨበጨበ። ኦቦ ሆርዶፋ እጁን አወጣ።

“ጓድ ንዋይ፣ ጭብጨባውን ቢሮው ይውሰደው” አለ። “ለእኛ መርፌው በጊዜው ይድረሰን።”